ሳይሰናበት የሚሄድ መብራት እና 140 መስመር ፐርል

የዛሬው ረዘም ይላል፣ ቴክኒክም ይበዛበታል። ቡና ይዛችሁ አንብቡት። የኮምፒዩተር ወሬ የሚሰለቻችሁ ደግሞ ታች ወዳለው የመንቶቹ ጉዳይ ዝለሉ፣ እሱ የሁላችንም ነው።

መርሳ ውስጥ ያለ አንድ ክሊኒክ (ስሙ ይቆየን) ደወለልኝ። "ሰርቨራችን በሳምንት ሦስቴ አራቴ ስታክ ያደርጋል፣ መጥተህ እይልን" አሉኝ። ከወልድያ መርሳ ምን አላት፣ ስሪንቃን አልፎ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ ሚኒባሱ ከሞላ የአንድ ጥዋት መንገድ ነው። "ሰርቨር" ሲሉኝ አንድ ትልቅ ነገር ጠብቄ ነበር። ስደርስ ካርድ ክፍሉ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ አሮጌ ላፕቶፕ ነው፣ አቧራ እንዳይገባበት ነጠላ ጣል ተደርጎበታል። ውስጡ ኡቡንቱ አለ። ኡቡንቱው ላይ ደግሞ አንድ የፐርል ስክሪፕት ይሮጣል፣ 140 መስመር ገደማ። በቃ ይኸው ነው ሰርቨሩ።

ሥራው ቀላል ነው። በግቢው ውስጥ አምስት ኮምፒዩተሮች አሉ፦ ካርድ ክፍል፣ ካሸር፣ ሁለቱ ምርመራ ክፍሎችና ላብራቶሪ። ሁሉም በኬብል ከላፕቶፑ ጋር ተያይዘዋል፣ ኢንተርኔት አያስፈልጋቸውም። የታካሚውን ስም ትጽፋለህ፣ ስክሪፕቱ ከመዝገቡ ፈልጎ የካርድ ቁጥሩን፣ ቀበሌውንና ዕድሜውን ይመልስልሃል። ከዚያ ወረቀቱ ካርድ ከመደርደሪያ ይወጣል።

ትንሽ ነገር ትመስላለች። ግን በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ጦርነቱ እዚህ በነበረ ጊዜ በዞናችን ስንት ጤና ተቋም እንደተዘረፈ የምታውቁት ነው። እነዚህም ጋ ከካርዱ የተረፈው ከፊሉ ነው። የተረፈውን አንድ በአንድ ለቅመው፣ ቁጥር ሰጥተው፣ ኮምፒዩተር ላይ የጻፉት ከዚያ በኋላ ነው። እና ሰርቨሩ ስታክ ሲያደርግ፣ በተለይ በገበያ ቀን ከግራናና ከውርጌሳ በኩል የመጣው ሰው እስከ በሩ ተሰልፎ ሳለ፣ ካርድ ክፍል ምን ያደርጋል? አዲስ ካርድ ይከፍታል። አንድ ሰው ሁለት ካርድ፣ አንዳንዱ ሦስት። ፔኒሲሊን እንደማይስማማው የተጻፈው አንደኛው ላይ ነው፣ ሐኪሙ እጅ የገባው ሦስተኛው ነው። የተጠራሁት ለዚህ ነው።

ግድግዳው ላይ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል፦ "ሲቆም ላፕቶፑን አጥፍታችሁ አብሩት።" ይህችን ወረቀት ልብ በሏት፣ እመለስባታለሁ።

እንደምታውቁት ብልሽት ባለሙያ ይፈራል። ሐኪም ፊት ሲቀርብ ሕመሙ እንደሚተወው ሰው፣ ስክሪፕቱም እኔ በተቀመጥኩበት ሦስት ሰዓት ሙሉ እንደ ሰዓት ሠራ። እኔም ኮዱን ማንበብ ጀመርኩ።

ለምን በፐርል? ኮሜንት ላይ "ፐርል ገና አልሞተም እንዴ" የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። የጻፈው የአካባቢው ልጅ ነው፣ ኮሌጅ ጨርሶ ለጥቂት ወራት እዚያ የሠራ፤ አሁን አዲስ አበባ ገብቷል። ሐምሌ 2015 መጨረሻ ላይ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ጉግል የሚባል ነገር ቀረ። እጁ ላይ የነበረው ፍላሽ ውስጥ ያለ አንድ የፐርል መጽሐፍ ነው። ፐርል ደግሞ ከሊኑክስ ጋር አብሮ ይመጣል፣ የኔትወርክ ሶኬቱም ጭምር። ምንም ዳውንሎድ ሳታደርግ ሰርቨር መጻፍ ትችላለህ። እኔ ይህን ሳይ "ቋንቋው አርጅቷል፣ እንደገና በሌላ እንጻፈው" ለማለት አፌ አልታዘዘልኝም። ቋንቋውን በ1987 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው ላሪ ዎል ራሱ የቋንቋ ጥናት የተማረ ሰው ነው፤ ለጽሑፍ ሥራ ፐርል ዛሬም ስለታም ነው።

ኮዱን እንዳነበብኩ አንድ ቦታ ላይ ቆምኩ። ሉፑ እንዲህ ይላል (በአማርኛ ልንገራችሁ)፦ ደንበኛ ሲመጣ ተቀበል፤ አንድ መስመር እስኪጽፍ ጠብቅ፤ ፈልግ፤ መልስ፤ ዝጋ፤ ወደ ቀጣዩ እለፍ። ጠብቅ የምትለዋ ቃል ላይ ነው ነገሩ። በአንድ ጊዜ የሚያስተናግደው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እና የሚጠብቀው ማብቂያ በሌለው ትዕግሥት ነው።

አሁን አስቡት። የላብራቶሪዋ ልጅ የፍለጋ መስኮቱን ከፈተች። መስኮቱ ሲከፈት ግንኙነቱ ተጀመረ። "ዘሀ..." ብላ መጻፍ ስትጀምር መብራት ሄደ። የእሷ ኮምፒዩተር ጠፋ። ላፕቶፑ ግን ባትሪ ስላለው አልጠፋም። እና ይጠብቃል። መብራት ተመለሰ፣ ኮምፒዩተሮቹ በሙሉ ተነሡ። ላፕቶፑ አሁንም ያችን የመጀመሪያዋን መስመር እየጠበቀ ነው። ሌሎቹ አራቱ በር ላይ ይሰለፋሉ፣ ከፋች የለም።

ግምት ብቻ ስለሆነ ማረጋገጥ ነበረብኝ። ካርድ ክፍሏን (እትዬ እላቸዋለሁ፣ ስማቸውን አልጠራም፣ ፌስቡክ ላይ መውጣት አይወዱም) አስፈቅጄ፣ መስኮቱን ከፍተው ሁለት ፊደል እንዲጽፉ አደረግሁና ኮምፒዩተራቸውን ከሶኬት ነቀልኩት። እኛ ሰዎች ስለ ኔትወርክ ሶኬት ስናወራ የሚሰማን ሁሉ የግድግዳውን ሶኬት ነው የሚያስበው፤ ያን ቀን ሁለቱም አንድ ሆኑ። ካሸሯ ወዲያው "ደግሞ ቆመ!" ብላ ጮኸች። እትዬም "ወላሂ ይኸው ነው! ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚያደርገው!" አሉ፣ ደስ ብሏቸው። ብልሽት ሲገኝ እንደዚያ የተደሰተ ሰው አይቼ አላውቅም።

ላፕቶፑ ላይ ግንኙነቶቹን ሳይ ከእትዬ ኮምፒዩተር ጋር ያለው "ኤስታብሊሽድ" ይላል፣ ማለትም ግንኙነቱ ሰላም ነው። ኮምፒዩተሩ ተነቅሎ ጨለማ ሆኖ ፊቴ ቆሟል፣ ላፕቶፑ ግን "አለ፣ እያወራን ነው" ይላል። ኤስትሬስ በሚባለው መሣሪያ ስክሪፕቱን ስመለከተው አንዲት ሥራ ላይ ብቻ ነው ያለው፦ ማንበብ። ዝም ብሎ ማንበብ።

ይህ የላፕቶፑ ሞኝነት አይደለም። ቲሲፒ የሚባለው የግንኙነት ደንብ፣ የዋናው ሰነዱ ዓመት 1981 (እ.ኤ.አ.) ነው፣ ስንብት አለው። ልክ እኛ ቡና ጠጥተን "በሉ እንግዲህ" እንደምንባባለው፣ አንዱ ወገን "ጨርሻለሁ" ይላል፣ ሌላው "እሺ" ይላል፣ ከዚያ ይዘጋል። ፕሮግራም ቢሰናከል እንኳ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ በሱ ፈንታ ይሰናበትለታል። መብራት ግን ሲሄድ ማንንም አያሰናብትም። የጠፋው ማሽን ምንም አላለም፤ ምንም ያላለ ሰው ደግሞ በቲሲፒ ዓይን እያሰበ ነው እንጂ አልሞተም። የሚገርመው፣ ላፕቶፑ በመሐል አንዲት ቃል ቢልክ ኖሮ፣ እንደገና የተነሣው ማሽን "አላውቅህም" ብሎ ይመልስለትና ነገሩ ያበቃ ነበር። ግን አዳማጭ ብቻ ስለሆነ አይናገርም። ሁለቱም ዝም ተባብለው ይኖራሉ። "አለህ ወይ" የሚል መጠየቂያ ሊኑክስ ውስጥ አለ፣ ግን አብራልኝ ካላልከው አይበራም። ቢበራም እንኳ ካልቀየርከው በቀር የመጀመሪያውን ጥያቄ የሚልከው ከ7200 ሰከንድ ዝምታ በኋላ ነው። ሁለት ሰዓት! በገበያ ቀን ሁለት ሰዓት ማለት ሰልፉ መንገድ ላይ ወጥቶ ማለት ነው።

ደግሞ በየመብራቱ አለመቆሙ ነው ሰዉን ግራ ያጋባው። የሚቆመው መብራቱ በሄደባት ቅጽበት አንድ ሰው በመጻፍ ላይ ከነበረ ብቻ ነው። ምሳ ሰዓት ከሄደ ምንም አይሆንም። ከዚህ የተነሣ አንዱ "ቫይረስ ነው" ይላል፣ አንዱ "ላፕቶፑ ሞቆ ነው" ይላል፣ አንዱ ደግሞ ዓይን ነው ብሎ ነበር። ሁሉም የየራሱ ማስረጃ ነበረው።

ልጁ ግን ነገሩን ጠርጥሯል። ሶኬቱን በከፈተበት መስመር ላይ "ታይምአውት 10" ብሎ ጽፏል። ማለትም 10 ሰከንድ ጠብቀህ ካልተናገረ እለፈው። በጣም ትክክል ያሰበው ነው። ክፉ ዕድሉ፣ ፐርል ውስጥ ያ ቃል የሚሠራው ለመገናኘትና አዲስ ደንበኛ ለመቀበል ብቻ ነው። ከተቀበልክ በኋላ ላለው ንባብ አይሠራም። ስሙን ያነበበ ሰው ሁሉ ለንባብም ይመስለዋል፤ በየአገሩ ስንት ፕሮግራመር እዚያች ጉድጓድ ውስጥ ገብቷል። እና ያቺ የግድግዳ ወረቀት? ስክሪፕቱን ብቻ ዘግቶ ለማስነሣት ሲሞክር "አድራሻው ተይዟል" የሚል መልስ ያገኝ ነበር። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ የድሮውን ግንኙነት ርዝራዥ ለተወሰነ ጊዜ ይዞ ስለሚቆይ ነው። አድራሻውን እንደገና ልጠቀምበት የምትል አንዲት ቃል ስትጨመር ይለቃል። ያቺን ቃል ስላላገኘ ላፕቶፑን በሙሉ አጥፍቶ ማብራት ብቸኛ መፍትሔ ሆነ። ወረቀቱን የጻፈው እሱ ነው።

ማስተካከያው የአንድ ከሰዓት ሥራ ሆነ። ለእያንዳንዱ ደንበኛ የራሱን ሂደት በፎርክ መውለድ ይቻል ነበር፣ ግን የሞቱ ልጆችን መሰብሰብ ከረሳህ ዞምቢ ይሞላሃል፣ ለአምስት ኮምፒዩተር ደግሞ አያስፈልግም። ሴሌክት የሚባለውን መረጥኩ፦ ስክሪፕቱ አምስቱንም በአንድ ላይ ያዳምጣል፣ የተናገረውን ብቻ ያስተናግዳል፣ 30 ሰከንድ ዝም ያለውን በጨዋነት ይዘጋል። መስኮቱ ራሱ እንደገና ይገናኛል፣ ጸሐፊዋ አታውቀውም። ከዚያ ኮምፒዩተሮችን በየተራ ነቀልን። አምስት ጊዜ ነቀልን፣ አምስት ጊዜ ሌሎቹ ሥራቸውን ቀጠሉ። ካሸሯ ለስድስተኛ ጊዜ ንቀሉ ስትል እንደ ጨዋታ ወስዳው ነበር።

ትንንሾቹን ቶሎ ልለፋቸው። የክስተት መዝገቡ ፋይል ሁልጊዜ ባዶ የነበረው ጽሑፉ ማስታወሻ ላይ ተጠራቅሞ ዲስክ ላይ ሳይወርድ ላፕቶፑ በግድ ስለሚጠፋ ነው፤ በየመስመሩ እንዲጻፍ ሆነ። ፍለጋውን የሚሠራው ስሙን እንዳለ ለሼል ሰጥቶ በግሬፕ ነበር፤ ይህ አደገኛ ነው፣ በስም ቦታ ትእዛዝ የሚጽፍ ሰው ቢመጣ ላፕቶፑ ይታዘዝለታል። ከዚያ በፊት ግን የቀረበው አደጋ ሌላ ነበር፦ ምንም ሳትጽፍ ኢንተር ብትጫን የታካሚው ዝርዝር በሙሉ ስክሪን ላይ ይፈሳል። የሰው ሚስጥር ነው እኮ። ፍለጋው አሁን ፐርል ውስጥ ነው፣ ባዶ ስም አይቀበልም፣ ከዋይፋይ በኩል የሚመጣም አያዳምጥም።

አሁን ወደ ስሞቹ ልምጣ፤ እኔን ይበልጥ የያዘኝ እሱ ነው።

መዝገቡ ውስጥ አንዳንድ ስም መጨረሻው ላይ ጥቁር የጥያቄ ምልክት አለበት። ልጁ ለስም 32 ቦታ መድቧል፤ 32 ፊደል ይበቃል ብሎ። ለእንግሊዝኛ ቢሆን ይበቃ ነበር። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 (እ.ኤ.አ.) በ3.0 እትም ነው፣ እና ፋይል ላይ ሲጻፍ አንዱ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ስለዚህ 32 ባይት ማለት 10 ፊደልና የተሰበረ ቁራጭ ነው። "ወለተኪሮስ ገብረመድኅን" የሚባል ስም ቢመጣ 40 ባይት ነው፤ የሚተርፈው "ወለተኪሮስ ገብረመ" እና የ"ድ" አንድ ሦስተኛ ይሆናል። አንድ ሦስተኛ ድ! ስክሪፕቱ ባይት ሳይሆን ፊደል እንዲቆጥር መንገር ሁለት ሦስት መስመር ነው። ቀድሞ የተቆረጠውን ግን ፕሮግራም አይመልሰውም።

ሁለተኛው የአጻጻፍ ጉዳይ ነው። ሀብሩ ውስጥ አንድ መሐመድ በስንት መንገድ ይጻፋል? መሐመድ፣ መሀመድ፣ ሙሐመድ፣ ሙሃመድ። ሰይድ፣ ሠይድ፣ ሰኢድ። ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሐይሉ። ጠዋት የገባችው ጸሐፊ በሐመሩ ሐ መዘገበችው፣ ከሰዓት ያለችው በሃሌታው ሀ ፈለገችው፣ "የለም" አለ፣ አዲስ ካርድ ተከፈተ። ሰርቨሩ ጤነኛ በነበረበት ቀን እንኳ ካርድ ይበዛ የነበረው በዚህ ነው።

ይህን ቀድሞ ያሰበበት ሰው አለ። የግዕዝ ፍሮንቲር ፋውንዴሽን መሥራች ዳንኤል ያዕቆብ ለፊደላችን የሚሆኑ በርካታ የፐርል ሞጁሎችን ጽፎ ሲፓን በሚባለው የፐርል ግምጃ ቤት በነጻ አስቀምጧል፦ ለፊደል ፍለጋ፣ ለግዕዝ ቁጥር፣ ለዘመን አቆጣጠራችን፣ እንዲሁም የአማርኛ ቃላትን በድምፃቸው ለማመሳሰል። "ፐርል ሞቷል" ለምትሉት ይህችን አስቀምጡልኝ። እኔ ለመርሳ የወሰድኩት ሐሳቡን ነው፤ ሥራውን በፐርል "ትር" ትእዛዝ በአንድ መስመር ጨረስኩት። ሐና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ፣ ከነሰባት ሰባት ቤታቸው፤ 35 ፊደላት። ሃንና ኣንም ጨምሩ። የሚለወጠው ለፍለጋ ብቻ ነው፣ መዝገቡ ላይ የሰውየው ስም እንደ አጻጻፉ ይቀመጣል።

መ እና ሙ ግን በዚህ አይታረቁም። ቀጣዩ እርምጃ አናባቢውን መጣል ነው፣ ሁሉንም ወደ ሳድስ። መሐመድም ሙሐመድም "ምህምድ" ይሆናሉ፣ ይገናኛሉ። ከመጻፌ በፊት እትዬን አማከርኳቸው፣ መዝገቡን የሚያውቁት እሳቸው ናቸው።

ትንሽ ዝም አሉና "ሀሰንና ሁሴንስ?" አሉኝ።

በጣቴ ጠረጴዛው ላይ ጻፍኩት። ሀሰን፦ ህስን። ሁሴን፦ ህስን።

ወሎ ውስጥ ላላደጋችሁ ልንገራችሁ፤ ወንድ መንቶች ሲወለዱ ሀሰንና ሁሴን ማለት የተለመደ ነው። አባታቸው አንድ፣ አያታቸው አንድ፣ ቀበሌያቸው አንድ፣ ዕድሜያቸው በደቂቃ የሚለያይ። ስማቸው ላይ ያለችው አናባቢ ብቻ ናት የምትለያቸው፣ እኔ ደግሞ ልጥላት ነው። "እናቲቱ አንዱን አዝላ ነው የምትመጣ፣ የታመመውን" አሉ እትዬ። "ማሽኑ የጤነኛውን ካርድ ቢሰጠኝ በምን አውቃለሁ?"

እና እንዲህ ሆነ። በፊደል መመሳሰል የተገኘ አንድ ስም ብቻ ከሆነ ስክሪፕቱ ቀጥታ ይመልሳል። በአናባቢ ብቻ የሚለያይ ሌላ ስም ካለ ግን አይመርጥም፤ ሁለቱንም ከፊት ለፊት ያስቀምጣል፣ ጸሐፊዋ ጠይቃ በእጇ ትመርጣለች። የአባትና የአያት ስም፣ ቀበሌና ዕድሜ ከገጠሙ ደግሞ ከላይ በቀይ "መንታ ሊሆን ይችላል" ይላል። ቀዩን የጠየቁት እትዬ ናቸው።

ማታ ለልጁ ደወልኩለት። የሌላ ሰው ኮድ ነካክቶ ሳይነግሩት መሄድ እኔ አልወድም። ስልኩን እንዳነሣ "ጋሼ፣ አዩት? ሳቁብኝ አይደል?" አለ። አልሳቅሁም። ከትልልቅ መሥሪያ ቤት የማያቸው ስክሪፕቶች ላይ የሌለ ነገር የሱ ላይ አለ፤ ተለዋዋጮቹን ሁሉ በጥብቅ ሥርዓት ነው ያስታወቀው፣ ማስታወሻው በአማርኛ ነው፣ ደንበኛ ባልመጣ ጊዜ ሉፑ እንዳይሞት አድርጓል። ይህንኑ ነገርኩት። ስለ ታይምአውቱ ስነግረው ብዙ ዝም አለ። "እኔ እኮ ያቺን ቁጥር ከ10 ወደ 5፣ ከ5 ወደ 2 ስቀይራት ነው የከረምኩት" አለኝ። ሌሊት ሌሊት እየቀየረ፣ ጥዋት መብራት እስኪሄድ እየጠበቀ። "አብሽር" አልኩትና የተስተካከለውን ኮድ በቴሌግራም ላክሁለት። በማግሥቱ መስመር በመስመር አንብቦ ሁለት ጥያቄ መለሰልኝ፣ አንደኛው 30 ሰከንድ ለቀስታ ጸሐፊ አያንስም ወይ የሚል ነው። እውነቱን ነው፣ 60 አደረግነው።

አሁን የቀረው የተቆረጡት ስሞች ናቸው፣ ከስልሳ በላይ ናቸው። እትዬ ዝርዝሩን አትመው ጠረጴዛቸው መስታወት ሥር አድርገውታል። ሰውዬው ሲመጣ "ሙሉ ስም ከነአያት" ብለው ያስተካክሉና በእስክሪብቶ ይሰርዙታል። ባለፈው ስደውል አሥራ አንድ ሰርዘዋል።

ሌላው የላፕቶፑ ባትሪ ነው። መብራት ከሄደ ከሃያ ደቂቃ በላይ አይቆይም። ወልድያም ይሁን ደሴ፣ ለአሮጌ ላፕቶፖች ኦርጅናል ባትሪ የሚሸጥ የምታውቁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ኮዱን የሚፈልግም እንዲሁ፣ ያለ ታካሚዎቹ መዝገብ እልክለታለሁ፤ ልጁ ፈቅዷል።